ከሣጥኑ የጎደለችው ቃል

ጋሼ ዘርዓብሩክን ረቡዕ ጠዋት ደረጃቸው ሥር ሞተው ያገኟቸው እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው። አንድ ጫማቸው እላይ ቀርቷል። መነጽራቸው ግን ደረታቸው ላይ ሳይሰበር ተቀምጧል። በሥራዬ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ እንደዚያ መነጽር ያደከመኝ ነገር የለም።

ቦታው እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቆች በሞሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በሱቆቹ ጀርባ በኩል የሚገባበት ቤት ነው። እትዬ ኤልፍነሽ ምድር ቤት ልብስ ይሰፋሉ፤ ጋሼ ከላይ በአንዲት ክፍል ውስጥ ወረቀት ይተረጉማሉ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የሰፈሩ ሰው የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ አብዛኛው በእሳቸው እጅ ነው ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው።

«ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ አለቃዬ በስልክ።

«እዚህ መንገድ ላይ የማያውቃቸው የለም።»

«እኔ የጠየቅሁት ስላንተ ነው፣ ሩፋኤል።»

«አውቃቸዋለሁ።»

ሌላ አማርኛ የሚችል መርማሪ አልነበራትም። ስልኩን ዘጋችው። መዝጋቷን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

ፖሊስ ከመሆኔ በፊት ከዚያ ቤት ጀርባ ባለው ፓርኪንግ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ ያስተማሩኝ ግን ዛሬ ማንም የማይናገረውን እንግሊዝኛ ነው። የነገሥታትና የመኳንንት፣ የአሽከርና የገባር ቃላት። ለእያንዳንዱ ቃል አንዲት ካርድ ነበራቸው፦ ቃሉ፣ ቃሉ የመጣበት፣ ከዚያ በእኛ አገር አቻው የሆነው ማዕረግ ወይም ሥራ። ሠላሳ ዓመት ጻፉ። ሰው መኪናውን እየጠበቀ እሳቸው ቁልፍና ትኬት በምይዝባት በቡዟ መስኮት አጎንብሰው ይጠይቁኝ ነበር።

«ሎርድ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጌታ።»

«እሱ የዛሬው ነው። ድሮ እንጀራ ጠባቂ ማለት ነበር። የቤቱን ዳቦ የሚጠብቅ ሰው። ጌትነት ከዳቦ ነው የጀመረው፣ አንተ።»

የፖሊስ መታወቂያ የተሰጠኝ ቀንም አንዲት ካርድ ይዘው ወረዱ። አንብበውልኝ መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ። እኔ ቸኩዬ ነበር። የሰማሁ መስዬ ፈገግ ብዬ ሄድኩ።

ክፍላቸው ውስጥ ምንም አልተዘረፈም። ረጅሙ የካርድ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ቀይ እስክሪብቶ ክዳኑ ተነቅሎ ወድቋል። ጋሼ በቀይ የሚጽፉት የራሳቸውን ስህተት ሲያርሙ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ቀይ የነካው ወረቀት የለም። መስኮቱ ወደ ፓርኪንጉ ተከፍቷል።

ሐኪሙ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሁለት እስከ አራት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት አለ። ሰዓቱን የምቆጥረው እንደ አሜሪካ ነው፤ እዚህ ስንኖር እሱም ተለውጦብናል። ደረታቸው ላይ የመገፋት ምልክት ነበረ። በሸሚዛቸው ኪስ ቁራጭ ወረቀት ተገኘች። በገዛ እጃቸው፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ተጽፎባታል፦ ሽመልስ፣ ቪላን።

«ሟች የገዳዩን ስም ጽፎ ኪሱ ከተተልን» አለች አለቃዬ። «ወንጀለኛ ይላል።»

«በእሳቸው ካርድ ቪላን ወንጀለኛ ማለት አይደለም። የድሮ ትርጉሙ የጌታ መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው።»

«ይህን ለዐቃቤ ሕግ አንተ ንገረው፣ እኔ አልችልም። ሽመልስ ማክሰኞ እዚያ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እስከ ዓርብ ማታ ሌላ ነገር አምጣ። መዝገበ ቃላት ያልሆነ ነገር። አለዚያ እናስረዋለን።»

ጋሼ ለዜግነት ያስጠኑት የነበረውን ሽመልስን ማሰር ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። የዜግነት መሐላው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። አሥራ አራት ዓመት ጠብቋል። ከመሐላው በፊት የታሰረ ሰው መሐላው ይቆማል፤ ፋይሉ ተመልሶ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም።

እትዬ ኤልፍነሽ ማሽናቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ አይሰፉም።

«ማክሰኞ ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ሰማሁ እንጂ። ዱብ አለ። ማሽኔን አቁሜ አዳመጥኩ። ያ ሣጥናቸው ወደቀ ብዬ መልሼ ወደ ስፌቴ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሦስት አካባቢ። የሙሽራዋ እናት ሦስት ላይ እመጣለሁ ብላኝ ቀርታ እየረገምኳት ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሽመልስ ነበረ። ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ሁለት ተኩል ሲሆን ወርዶ ደህና ዋሉ ብሎኝ ሄደ።»

«ተመልሶ ወጥቶ ቢሆንስ?»

«ጀርባዬ ወደ በሩ ነው። ዝሆን ቢወጣ አላይም፤ ማታም በጎዳናው በር ነው የወጣሁት።» ክሩን ከጣታቸው ላይ ፈቱት። «አንድ ፎቅ ነው፣ ሩፌ። ያን ጊዜ ብወጣ ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

«አይ። ወዲያው ነው የሞቱት» አልኳቸው።

ሐኪሙ እንዲህ አላለም ነበር።

ከዚያ ወደ ፓርኪንጉ ሄድኩ። አሁን ቡዙ ላይ የሚሠራው ጸጋዬ ነው። ሰዉ ባልደራስ ይለዋል፤ አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ ጃንሜዳ አካባቢ ፈረስ ይጠብቅ ነበር። እዚህም መኪና ካቆመ በኋላ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል።

«ይቺ በቅሎህ ብሬኳ ያቃስታል፣ ኢንስፔክተር» አለኝ።

«ትቆየኝ። ማክሰኞ ሽመልስ መኪናውን ስንት ሰዓት ወሰደ?»

«ማክሰኞ ቢዚ ነበር። አላስታውስም።»

«ቁልፉን የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«ሌላ ማን ይሰጣል?»

የወጡ መኪኖች ትኬት ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ይሰካል፤ ታርጋው ይጻፍበታል፣ የገባበትም የወጣበትም ሰዓት በማሽን ይመታበታል። የማክሰኞን በሙሉ ነቅዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። የሽመልስ የለም።

«ነፋስ ይሆናል» አለ ጸጋዬ። ባዶውን ሚስማር እያየ፣ «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«እመጣለሁ» አለና የሸሚዙን ኪስ ነካ። ወዲያው ደግሞ ነካው። ሲጋራ የሚፈልግ መሰለኝ፤ ጸጋዬ ግን አያጨስም።

ሽመልስ የሚኖረው ሃውቶርን ነው፤ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ያልፋል። የቤቱ በር ላይ ዋጋው ያልተነቀለለት ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል፤ ለሐሙስ። የወረቀቷን ፎቶ ሳሳየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ በሳቁ አፈረ።

«የመሐላውን ቃል እያስጠኑኝ ነበር» አለ። «ያቺን ፖተንቴት የምትባለውን፣ ኃያል ገዥ ማለት ናት፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። ከዚያ ፎርሙ ላይ ያለውን ጥያቄ አነሳን፤ የመሳፍንት ማዕረግ አለህ ወይ የሚለውን። 'አባትህ ምን ነበሩ?' አሉኝ። ጭሰኛ፣ የሰው መሬት አራሽ አልኳቸው። 'ሶ ቪላን ነህ፣ ንጹሕ ቪላን' ብለው ጻፉትና ኪሳቸው ከተቱት። 'ሐሙስ ሰርተፊኬትህን ስታመጣ ይቺንም እሰጥሃለሁ' አሉኝ።»

«አለቃዬ ይህን አታምንም።»

«እኔም ብሆን አላምንም» አለ።

«ከዚያስ?»

«በርበሬ ገዛሁ። መኪናዬን ወሰድኩ። አራት ሩብ ጉዳይ ልጄን ከትምህርት ቤት አነሳሁ።»

ሒሳቡን መንገድ ላይ ሠርቼዋለሁ። ከፌርፋክስ ሃውቶርን አርባ ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ገፍቶም አራት ሩብ ጉዳይ እዚያ መድረስ ይቻላል። ሁሉም ነገር የቆመው መኪናው ከፓርኪንጉ በወጣችበት ደቂቃ ላይ ነው።

«መኪናህን ማን ሰጠህ?»

በሩ ላይ የተሰቀለውን ልብስ አስተካከለ። «ጸጋዬ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሦስት ሳይሞላ።»

«ትኬትህ የለም። እሱም አላስታውስም ይላል።»

«ቢዚ ነበር፣ አትጨቅጭቀው» አለ ሽመልስ። ለማያድነው ምስክር እንዲህ የሚራራ ተጠርጣሪ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ፣ ሐሙስን ከጠዋት ጀምሮ ከካርዱ ሣጥን ጋር ዋልኩ። ያ ቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር አርሟል፤ የታረመው ግን የለም። ስለዚህ ከካርዶቹ አንዷ ጎድላለች። የትኛዋ? ዝርዝር አልነበራቸውም። የነበረው ዝርዝር እኔ ነኝ። በፓርኪንጉ ዘመን ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ በቃሌ ያስወጡኝ ነበር፤ አንዱን ከዘለልኩ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል።

ዓይኔን ካርዶቹ ላይ፣ አፌን በትዝታዬ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ቻምበርሌን፣ እልፍኝ አስከልካይ። ቸርል፣ ባለጌ ሳይሆን ማዕረግ የሌለው ሰው። እጄ ቀጥላ ያለችውን ካርድ ሲያነሳ ካውንት ትላለች። አፌ ግን ሌላ ቃል ተናግሮ ነበር።

ኮንስታብል። ፖሊስ የሆንኩ ቀን ያነበቡልኝ ካርድ። ትርጉሙን አስታውሳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። የማስታውሰው ሳቃቸውን ብቻ ነው።

«የጎደለው ቃል ፖሊስ ማለት ነው?» አለች አለቃዬ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ፖሊስ የሚጠላ ሰው ነው። የከተማውን ግማሽ እሰር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት አንተ የት ነበርክ?»

«ፓሳዴና። ምስክር ሳናግር።»

ጻፈችው። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን እጽፈው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የቃላትን ሥር የሚናገረውን ትልቁን መጽሐፍ አስወጣሁ። ኮንስታብል፦ ከላቲን፣ የጋጣ አለቃ። የንጉሥ ፈረሶች ሹም።

ጋሼ ያን ቀን ለምን እንደሳቁ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ገባኝ። ፖሊስ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ስነፋ፣ ባልደራስ ሆንክ እያሉኝ ነበር።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ቁጭ አልኩ። ፌርፋክስ ላይ ባልደራስ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው።

የማክሰኞን ትኬቶች ጠረጴዛው ላይ በቁጥር ደረደርኳቸው። አንዲት ቁጥር ብቻ ተዘላለች፤ የሽመልስ መሆን አለባት። ከዚያ በወጡበት ሰዓት ደረደርኳቸው። ቀኑን ሙሉ በየሦስት በየአራት ደቂቃው መኪና ወጥቷል። ከሁለት ሰዓት ከሃምሳ አንድ እስከ ሦስት ከአሥራ ሁለት ግን ማንም አልወጣም። ቢዚ በነበረ ቀን ሃያ አንድ ደቂቃ ባዶ።

ሽመልስ ጋ ደወልኩ።

«መኪናህን ስትወስድ ቡዙ ውስጥ ሰው አልነበረም አይደል?»

በስልኩ ውስጥ አውሮፕላን ሲያልፍ ሰማሁ።

«ሽመልስ፣ ዛሬ ማታ ሊያስሩህ ነው።»

«እንጀራው ነው፣ ሩፋኤል» አለ በመጨረሻ። «ቡዝ ጥሎ ሄደ ከተባለ በዚያው ቀን ያባርሩታል። አንተ ታውቃለህ፣ ሠርተህበታል። ሰውዬው ሚስቱን እንኳን ቆሞ መቅበር አልቻለም። ቁልፌን ራሴ አነሳሁ፣ ትኬቷን ራሴ መታሁ፣ ሚስማሩ ላይ ሰካሁ። ሦስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል።»

«ለዚህ ነው የምትታሰረው?»

«እንደምታገኘው አውቄ ነበር» አለ። ውሸቱን ነው።

ጸጋዬ ቡዙ ውስጥ ነበር። ገብቼ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ፤ ድሮ የኔ መቀመጫ ነበረ። መብቱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነገርኩት።

«ገባኝ» አለ።

«ኮንስታብል ማለት ምን ማለት ነው፣ ጸጋዬ?»

እጁን ኪሱ ከቶ ሁለት ወረቀት አወጣ። ካርዷንና የሽመልስን ትኬት። ቆጣሪው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«ሽመልስን አልተውም ነበር» አለ። «ቢያስሩት አወጣት ነበር።»

«ዓርብ ነው እኮ። ዛሬ ማታ ነው የሚታሰረው።»

ትኬቷን በጣቱ ወደ እኔ ገፋት።

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማመልከቻዬን ጋሼ ጻፉልኝ» አለ። «ሥራህ ምን ነበር አሉኝ። ባልደራስ ነበርኩ፣ ፈረስ አጥባለሁ፣ ፈረስ አበላለሁ አልኳቸው። ቃሏን ወደዷት። ደጋግመው አስባሉኝ። ኢንተርቪው ስገባ ሰውዬው 'ፖሊስ ነበርክ' አለኝ። አይ፣ ፈረስ ነው አልኩ። 'የፈረምክበት ወረቀት ፖሊስ ይላል፤ የቱ ነው ውሸቱ?' አለኝ። ዘጉብኝ። ያ ፖሊስ የሚለው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ይግባኝ ያልኩት። አዲሷ ጠበቃዬ ባለፈው ወር ፋይሉን ስታነብልኝ ነው ያቺን ቃል ያየኋት። ሣህሊቱ ደግሞ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት።»

ሣህሊቱ ሚስቱ ነበረች። እሱ ወረቀት አግኝቶ እስኪያስመጣት አዲስ አበባ ስትጠብቅ ነው የሞተችው።

«ለጠብ ነው የወጣኸው?»

«አይደለም። ባለፈው ሳምንት ጠይቄያቸው ነበር፤ ምን ብለው ነው የጻፉብኝ ብዬ። 'ልየው' አሉኝ። ማክሰኞ በመስኮት ጠሩኝ፣ ቶሎ ና እያሉ። ካርዷን ይዘው ደረጃው አፍ ላይ ቆመዋል። ታዲያ ምን መባል ነበረበት፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ፊታቸው በራ።» እጆቹን አየ። «'ግሩም' አሉኝ። ሚስቴ ሞታ፣ 'ግሩም፣ ግሩም ነው' አሉኝ፤ ካርዷን ዓይኔ ሥር እያወዛወዙ። ከዚያ ገፋኋቸው። እንዲወድቁ አልነበረም። ካርዷ እጄ ላይ ቀረች። እታች ስደርስ አይንቀሳቀሱም። ተመልሼ ስመጣ ሚስማሩ ላይ ያልሰካኋት ትኬት አለች፤ ሰዓቷ እኔ የሌለሁበት ነው፣ ነቀልኳት።»

ካርዷን አነሳኋት። በሰማያዊ ቀለም፣ ኮንስታብል፤ የጋጣ አለቃ፤ ባልደራስ። ገለበጥኳት። ከጀርባዋ በቀይ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ብቻ። አምስት ፊደል።

«ይህን አንብበኸዋል?»

«የእሳቸው የእንግሊዝኛ እጅ ጽሑፍ አይነበበኝም።»

«ጸጋዬ።»

«እ።»

«ይህ የአማርኛው ግሩም አይደለም። የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሲጠራ ግሩም ነው የሚባለው። ፈረስ የሚያጥብ፣ ፈረስ የሚያበላ ሰው ማለት ነው።»

ካርዷን ከእጄ ወስዶ ቀዩን ቃል በጣቱ ተከተለው።

«ኮንስታብል ሳይሆን ይህ ነው መባል የነበረበት። ያረሙልህ ቃል ነው።»

አንዲት ሴት መኪናዋን ልትወስድ መጥታ መስኮቱን ቆረቆረች። ተነስቶ ትኬቷን መታ፣ ቁልፏን ሰጣት፣ መልካም ቀን ተመኘላት። ትኬቷን ሚስማሩ ላይ ሰካ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ደስ ያላቸው ቃሉን ስላገኙት ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ሌላ ትርጉም አለው?»

አለው። ሙሽራ ማለትም ነው።

«የለውም» አልኩት።

ቅዳሜ ቀብሩ ላይ እትዬ ኤልፍነሽ የካርዱን ሣጥን እኔ እንድወስደው ሰዉን አስማሙ። በቸርልና በካውንት መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ካርዷ ማስረጃ ክፍል ናት።

ሐሙስ የመሐላው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ቆምኩ። ሽመልስ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ዋጋው እጅጌው ሥር አሁንም ተንጠልጥሏል። ሦስት ሺህ ሰው ቀኝ እጁን አነሳ። ለየትኛውም ልዑል፣ ለየትኛውም ኃያል ገዥ መታመኔን ትቻለሁ የሚለው ጋ ሲደርሱ አዳራሹ በሙሉ አጉረመረመ። ያቺን ቃል የሚያውቃት ጥቂት ነው። የሽመልስ ድምፅ ግን ተለይቶ ተሰማኝ፦ ፖተንቴት። ፊደሏ አልተዛነፈም።

ውጭ ሲያገኘኝ ሰርተፊኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ሶ አሁንም ቪላን ነኝ?»

«አይደለህም። በጋሼ ካርድ ሎርድ ነህ።»

«የምን ሎርድ። ማዕረግ የለኝም ብዬ ምዬ አሁን መውጣቴ ነው፣ ልታሳስረኝ ነው?»

«ድሮ እንጀራ ጠባቂ ማለት ነበር። የሰው እንጀራ።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው።

«ጸጋዬን መጠየቅ ይቻላል?»

«እሁድ።»

«ኦኬ። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አንሳኝ።»

ወደ መኪናዬ ሄድን። ከአዳራሹ ፓርኪንግ ስንወጣ ብሬኳ አቃሰተ። ጸጋዬ ከነገረኝ ጀምሮ አላሠራኋትም።